የቡና ገለፈት ለዓሣ መኖ ይሆናልን?

በጎማ፣ በማና፣ በሊሙና በጌራ የዓሣ ኩሬ የቆፈሩ ማኅበራት አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል። ይኸውም እሸት ቡና ሲፈለፈል የሚከመረውን ገለፈት ለዓሣው ብንሰጠውስ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገለፈቱ በነፃ የሚገኝ፣ መጣያም የጠፋለት ነገር ነው። የእኛ አስተያየት ግን አይሰጥ የሚል ነው።

የደረቀ ገለፈት 10 በመቶ ያህል ፕሮቲን ስላለው በወረቀት ላይ ሲታይ ያጓጓል። ነገር ግን ካፌይን፣ ታኒንና ብዙ አሰርም አብሮት አለ። ካፌይኑ የዓሣውን ዕድገት ይገታል፤ ታኒኑም ፕሮቲኑ በሚገባ እንዳይፈጭ ያደርጋል። በማዕከላዊ አሜሪካ የቡና አገሮች በቆሮሶ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንኳ አልተስማሙም፤ አንዳንዱ በመጠኑ ቢደባለቅ አይጎዳም ሲል፣ ሌላው መጠኑ በጨመረ ቁጥር ዕድገቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህም በላይ እርጥቡ ገለፈት ኩሬ ውስጥ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ከቡና ማጠቢያ በታች ያለ ወንዝ በመኸር ወቅት እንዴት እንደሚሸት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ታውቃላችሁ።

ታዲያ ምን ይብላ? ቆሮሶ ብዙውን ምግቡን ከውሃው ያገኛል። ፍግ በጆንያ ተሞልቶ በኩሬው ጥግ ሲነከር ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ክንድን እስከ ክርን ድረስ አስገብተን መዳፋችን መታየቱን ሲያቆም በቂ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከጠፋ ፍጉ ይቁም። ይህ ግን ውሃው በረጋበት ኩሬ ነው። ወንዝ ገብቶ የሚወጣባቸው ኩሬዎች ባየን ቁጥር እናዝናለን፤ ፍጉም ድካሙም አብሮ ታጥቦ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ ይሰጥ። በ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 400 ዓሣ ቢኖርና እያንዳንዱ 50 ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው፤ በቀን 3 በመቶ ሲታሰብ 600 ግራም መኖ ይበቃል። የጅማ ውሃ እንደ ስምጥ ሸለቆው አይሞቅምና በማለዳ የተጣለ መኖ ሳይበላ ይሰምጣል፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ መስጠት ይሻላል። የሻገተ ፋጉሎ ፈጽሞ አይሰጥ። የጠላ አተላም ጥሩ ነበር፤ ጠላ በማይጠመቅበት ቀበሌ ግን ማንሣቱ ዋጋ የለውም።

ፋጉሎ በገንዘብ እንደሚገዛ፣ ከብት አድላቢውም እንደሚሻማው እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበር ገለፈት ሲበትን ከርሞ ጣት የሚያህል ዓሣ ካወጣ ሁለተኛ ኩሬ አይቆፍርም፤ ጎረቤቱም አይቆፍርም። የሚያሳስበን ይህ ነው። ገለፈቱ ከፍግና ከአፈር ጋር ተብላልቶ ለቡናው ማሳ ብስባሽ ይሁን። የብስባሹ ቦታ ከኩሬው ራቅ ብሎ፣ ጎርፍ ወደ ኩሬው በማያወርድበት በኩል፣ ቡናው ሳይቀላ ከወዲሁ ይመረጥ።