ጾመኛውን እናውቀዋለን፣ ዳቦ የማይስማማውንስ?

እንግዳ በማብላት እኛን የሚያህል የለም። በተለይ ጎንደር ላይ በዓል ከሆነ አለቀላችሁ! ‹‹ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ›› ይጀመራል፤ ‹‹በሞቴ›› ይከተላል፤ ያም ካልሠራ ‹‹አፈር ስሆን›› ይመጣል። ‹‹አፈር ስሆን›› ተብሎ እምቢ የሚል ሰው ወይ ልበ ደንዳና ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ስንዴና ገብስ የማይስማማው ነው።

ሕመሙ ‹‹ሴሊያክ›› ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃዋል። ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ደም ያንሳል፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዕድገቱ ይጓተታል። የሚያድን ክኒን የለም። ያለው መፍትሔ ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው፤ ‹‹ትንሽ ብትቀምሽ ምን አለበት›› የሚባለውም አይሠራም። ቅብጠት አይደለም፣ ለመቅጠን የሚደረግ ዳይትም አይደለም።

‹‹ታዲያ ምን ቸገረሽ? የጤፍ ሀገር ልጅ አይደለሽ እንዴ!›› ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) ‹‹ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን›› በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ጽፈዋል። አንድ የሆላንድ ኩባንያማ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት እስከ ማውጣት ደርሶ ስንቶቻችንን አንገብግቦናል! የሆላንዱን ፓተንት ሄግ ያለ ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ውድቅ ሲያደርገው እሰይ ብለናል። ጤፍ የእኛ መሆኑን ለዓለም እንነግራለን። የገዛ ማዕዳችን ላይ ግን ጤፉ የት እንደሚያልቅና ገብሱ የት እንደሚጀምር መጠየቅ ነውር ሆኖ ቀርቷል።

እስኪ የበዓሉን ማዕድ አብረን እንፈትሸው። ዶሮ ወጡ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤና ቅመም ነው፤ ምንም አይለውም። ጥብሱም፣ ቅቅሉም፣ አይቡም እንደዚያው። ጠጁ ማርና ጌሾ ከሆነ ሰላም ነው። ጣጣው ያለው ዙሪያውን ነው። ድፎው ስንዴ ነው። ጠላው የገብስ ብቅል አለበት። ቆሎውም ገብስ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ግን እንጀራው ነው! የጤፍ ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ ብዙ ቤት ይቀላቅላል። ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከፎገራ ሩዝ ጋር ከሆነ ለእኔ ብጤው ችግር የለውም። ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ከሆነ ግን ጉድ ፈላ! ወደ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ ደግሞ ደጋው የገብስ ሀገር ነው፤ የገብስ እንጀራ እዚያ የኖረ ምግብ ነው። እንጀራውን በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል መጠየቅ ግድ ይላል። ግን በበዓል ቀን ባለቤቲቱን ‹‹እትዬ፣ ምን ተቀላቅሎበታል?›› ብላችሁ ሞክሯት። ‹‹ድሃ ነሽ ወይ›› ያላችኋት ያህል ፊቷ ይለወጣል። በኑሮ ውድነት ዘመን መቀላቀል ምን ያሳፍራል? የሚጎዳው መደበቁ ነው።

ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ ብቻ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ኬኩን ተውኩት ብላችሁ አስተናጋጁ አይቀየማችሁም። የሰው ቤት ግን ካፌ አይደለም። ዳቦው ተመርቆበት ነው የሚቆረሰው። ማኅበር ከሆነ ጸበል ጸዲቁ ዳቦና ጠላ ነው፤ አልቀምስም ማለት ምርቃት እንደ መግፋት ይቆጠራል። ስለዚህ ስንቱ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይጎርሳል፣ ከዚያ በዓሉን አልጋ ላይ ይጨርሳል።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? እኛ ምግብ መለየት ሲያስፈልግ ማን ብሎን! በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ቅቤ የነካ ማማሰያ የጾም ወጥ ውስጥ አይገባም። ረቡዕና ዓርብ እንግዳ ሲመጣ ‹‹ጾመኛ ነህ?›› ብለን ቀድመን እንጠይቃለን። አዎ ካለ ‹‹ትንሽ ቅቤ አይጎዳህም›› የሚለው የለም። ሰርግ ላይ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ ይቀርባል። ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም የክብር ምልክት ነው። እንግዲህ ሙያው በእጃችን አለ። የጎደለው ለጾመኛው የሰጠነውን ክብር ለታመመውም መስጠት ነው።

‹‹በዚህ ኑሮ ንጹሕ ጤፍ ከየት ይምጣ?›› የሚል አይጠፋም። ለቤቱ እንግዳ ሁሉ ይሁን አላልኩም። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ለብቻ መሶብ፣ እሱም ካልተገኘ ሩዝ ወይም ድንች ቅቅል ይበቃል። ወፍጮ ቤት ስንዴ ተፈጭቶ ሳይጸዳ ጤፉ ከተከተለ ይነካካል፤ ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው። ለቡናው ፈንዲሻና የሽምብራ ቆሎ አለ። ዳቦው ሲቆረስም ምርቃቱን አሜን ብሎ የተቀበለ ሰው ተመርቋል፤ ካልጎረስክ ተብሎ አይያዝ።

እኛ የማይስማማን ደግሞ ማዕድ ላይ ቁጭ ብለን ከማጉረምረም ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ስልክ እንደውል። ባለቤቲቱ ሳታውቅ ቀርታ እንግዳዋ ጦሙን ቢያድር ኀፍረቱ የእሷ ይሆናል።

እናንተ ደግሞ በመጪው በዓል ‹‹ጾመኛ አለ ወይ?›› ብላችሁ ስትጠይቁ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፤ ‹‹ዳቦ የማይስማማውስ አለ?›› በሏት። እሱ የሚበላው ቀርቦለት ከሁሉ ጋር አንድ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጥ። በሞቴ!