አዛውንት ታዛዦች

በጋና ዋና ከተማ በአክራ የሚያገለግሉ ጡረተኛ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ውሏቸውን በማስታወሻ ቢያሰፍሩ ከስብከቱ ደረሰኙ ይበዛል። የወጣቶቹ ሚስዮናውያን የቤት ኪራይ በጊዜው ለአከራዩ መድረስ አለበት። የመኖሪያ ፈቃዳቸው እንዲታደስ ኢሚግሬሽን ደጅ መጥናት አለ። የመኪናው ኢንሹራንስ፣ የተሰበረው የበር ቁልፍ፣ የደረቀው የውሃ ታንከር ሁሉ የእነሱ ጣጣ ነው። ባልየው አገራቸው ሳሉ ባንክ ይመሩ ወይም የጥብቅና ቢሮ ይኖራቸው ይሆናል፤ እዚህ ግን የወጪ ደረሰኝ በቀን የሚደረድሩ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሚስትየዋ ነርስ ከነበሩ ደግሞ ስልካቸው እኩለ ሌሊት ላይ ይጮኻል፤ ደዋዩ ትኩሳት የያዘውና ወባ ይሁን የበላው ነገር ግራ የገባው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ክርክሬ ከዚሁ ይነሳል። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጥቅም ከዕውቀታቸውም ከገንዘባቸውም በላይ በስተርጅና ዝቅ ብለው ለመታዘዝ መስማማታቸው ነው እላለሁ። መታዘዙ የቀረ ዕለት ግን ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል።

የምናገረው በተለምዶ ሞርሞን ስለምትባለው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አስተምህሮዋ ከእኛ አገር ኦርቶዶክስም ሆነ ፕሮቴስታንት እጅግ የራቀ ነው፤ እሱን መዳኘት የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። አሠራሯ ግን ሊጠና የሚገባው ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው በየሰፈሩ የሚዞሩት፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር የስም ሰሌዳ ያደረጉት ወጣቶች በብዙ አገር ይታወቃሉ። ብዙ የማይወራላቸው ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱት ባለትዳሮች ናቸው። ከስድስት እስከ 23 ወር ያገለግላሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚኖሩት በራሳቸው ጥሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቤተ ክርስቲያኗ የቤት ወጪያቸው በወር ከ1,400 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ከዚያ ያለፈውን እሷ ትሸፍናለች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ የኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) በእኛ ባህል በስተርጅና ለእግዚአብሔር መኖር ያማረው ሰው ቆብ ጭኖ ከዓለም ወደ ገዳም ይሸሻል፤ እነዚህ በተቃራኒው ከጸጥተኛ ቤታቸው ተነሥተው የመብራት መጥፋትና የትራፊክ መጨናነቅ ወዳለበት ከተማ ይመጣሉ።

ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ፍሬ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ በእግር ይንሸራሸራሉ፤ ጸሎትና ንባብ ይከተላል። ከዚያ ቢሮ ነው። በተወሰነ ጊዜ ደግሞ የወጣቶቹን መኖሪያ ዞረው ይፈትሻሉ፤ አጎበሩ ተቀድዶ እንደሆነ፣ የውሃ ማጣሪያው ተጠርጎ እንደሆነ፣ የተበላሸ ምግብ ተከማችቶ እንደሆነ። ይህ ፍተሻ ሲሰሙት የጥቃቅን ነገር ቁጥጥር ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ወጣቶች እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ወላጆቻቸውን በስልክ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ወጥ ቤቱን ሊያይ የመጣው አዛውንት ፊቱ የጠቆረውን ልጅ አይቶ «ምን ሆነሃል?» ማለቱ ከአጎበሩ የማያንስ መድኃኒት ነበር፤ ዛሬም በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዶ የስልክ ድምፅ የማይሸፍነው ነገር አለ። እሑድ ባልና ሚስቱ ወደ አንዲት ትንሽ አጥቢያ ይሄዳሉ። የአጥቢያው መሪ ደመወዝ የማይከፈለው፣ በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ ላይ የሚውል ጋናዊ ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ይችላል። አሥራት እንዴት እንደሚመዘገብ ለጸሐፊው የሚያሳዩት፣ ለልጆች ኦርጋን የሚያለማምዱት፣ አቅመ ደካማ ቤት ሄደው የሚጠይቁት መሪው ሲጠይቃቸው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በአገራቸው፣ በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት፣ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኔትወርኩ ከታገሠ የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ያያሉ። በርቀት የተወለደ የልጅ ልጅ፣ በሌሉበት የተቀበረ ጓደኛም አለ። ይህን ሁሉ አገር ማያ የጡረታ ሽርሽር ነው የሚሉ አሉ፤ ሽርሽር ያማረው ሰው የሌላ ሰው ማጣሪያ ሊፈትሽ አይመጣም ብዬ አልፈዋለሁ።

በዕድሜ የገፋ፣ ገንዘብ ያለው፣ ከኃያል አገር የመጣ ሰው ከታች ሲቀመጥ አንድ ነገር ይለወጣል። ምዕራብ አፍሪካ ለዚህ ምስክር አላት። ይህች ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶችን ከክህነት ስትከለክል ኖራለች፤ ይህን ታሪክ ሳያነሡ ስለ አፍሪካ አገልግሎቷ ማውራት አይቻልም። ክልከላው በተነሣ በወራት ውስጥ ወደ ናይጄሪያና ጋና የላከቻቸው ወጣቶችን አልነበረም፤ ሁለት ጎልማሳ ባለትዳሮችን፣ ሬንደልና ሬቸል ሜቢን፣ ኤድዊንና ጃናት ካነንን ነበር። እነዚህን አራት ሰዎች ባዶ ሜዳ አልጠበቃቸውም። በጋና ጆሴፍ ዊሊያም ቢሊ ጆንሰን የሚባል ሰው ከ1964 ጀምሮ ያለ አንድም የውጭ ሚስዮናዊ ሲሰብክ፣ ምእመን ሲሰበስብ ኖሯል፤ በናይጄሪያም አንቶኒ ኦቢና በደብዳቤ ሲለምን ቆይቷል። ባለትዳሮቹ አጠመቁ፣ ወዲያውም ኃላፊነቱን አስረከቡ፤ ኦቢና በአቦህ፣ ጆንሰን በኬፕ ኮስት የአጥቢያ መሪ ሆኑ። ይህ ፍጥነት ለእኔ ከስብከቱ ይበልጣል። ሬንደል ሜቢ በአገሩ ጠበቃና የዩታ ምክር ቤት አባል የነበረ፣ ማዘዝ የለመደ ሰው ነው። ከጆንሰን በላይ ሹም ሆኖ ዓመታት ልቀመጥ ቢል የሚከለክለው አልነበረም።

ርክክቡ ምን እንዳተረፈ የታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሰኔ 1989 ላይ የጋና መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗን አግዶ የውጭ ሚስዮናውያኑን አስወጣ፤ የአምልኮ ቤቶቹ ተዘጉ። እስከ ኅዳር 1990 ድረስ ጋናውያን ምእመናን በየቤታቸው አመለኩ፤ ሥራውን ያስተባበረው ሐኪሙ ዶክተር ኢማኑኤል ኪሲ ነበር። እገዳው ሲነሣ ቤተ ክርስቲያኗ ቆማ ተገኘች። እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። የፕሮቴስታንቱ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም) ሚስዮናውያን በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረውና ተገርፈው፣ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ 10 ሺህ ይገመታል።

እዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይነሣል። ሥራው ያለ እነሱ እንዲህ የሚሰፋ ከሆነ ለምን ይመጣሉ? በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ኬንያዊው ጆን ጋቱ፣ የውጭ ሚስዮናውያንም የውጭ ገንዘብም ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይቁም ብለው ጠየቁ፤ በ1974 በሉሳካ የተሰበሰቡት የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናትም ሐሳቡን አነሡት። ጋቱ ያሉት አንድ ነገር እውነት ነበር፤ የውጭ ሰው በመሪነት እስካለ ድረስ የአገሬው ሰው እንዴት መምራት እንደሚችል አይታወቅም። ተቃውሞውን በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ፤ ግን የሚመታው ማንን ነው? የሚመታው አዛዡን ነው። የጋናና የወላይታ ታሪክ ሚስዮናዊ አያስፈልግም አይልም፤ በሌለበት ሥራው የሚቀጥለው በሚስዮናዊው ዘመን ቁልፉ በአገሬው ሰው እጅ ከነበረ ነው ይላል። ደረሰኝ የሚደረድሩ አዛውንት ባይኖሩ የኬፕ ኮስት ምእመናን አይበተኑም። እንዲህ መሆኑ ለአዛውንቱ ውርደት አይደለም፤ ለእኔ የተሟላ ሚስዮናዊ ማለት በሌለበት ጊዜ የማይጓደል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በአክራ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ የሒሳብ ባለሙያ ሞልቷል፤ ለአሜሪካዊው ቤት የሚከፈለው ኪራይ የእሱን ደመወዝ ከነትርፉ ይሸፍናል ይባላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የቢሮውን ሥራ በተመለከተ መልስ የለኝም፤ ተቀጣሪ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ተቀጣሪ ይሥራው። ነገር ግን ባልና ሚስቱ ባይመጡ ያ ገንዘብ ወደ ጋና ይላካል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በሌላ በኩል ገንዘብ ከሰው ተነጥሎ የሚሄድበት መንገድም እንዳለ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ፣ በጥር ወር፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን አባላት በአሜሪካና በካናዳ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰበሰቡ፤ ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ በኢትዮጵያ ሚስዮን አልነበራትም፤ እርዳታው የተዳረሰው በሌሎች የረድኤት ድርጅቶች በኩል ነበር። ስለዚህ ለረሃብ ገንዘብ ላክ፣ ሰው ይቆይ ቢባል ልክ ነው። ለታመመ የ19 ዓመት ልጅና አሥራት መመዝገብ ለሚለማመድ ጸሐፊ ግን ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው የሚፎካከርበት ሹመት የሌለው፣ ማደግ የማይመኝ ቢሆን ይመረጣል። ጡረተኛ የሚያሸንፈው እዚህ ነው፤ የ35 ዓመት የውጭ ባለሙያ በኮንትራቱ ማብቂያ ለቀጣሪው የሚያሳየው ውጤት ያስፈልገዋል፤ ጡረተኛ አያስፈልገውም።

ከሁለቱም ተቃውሞ የሚከብደኝን ግን ተቃዋሚዎች ብዙም አያነሡትም። በራስ ወጪ የሚለው ደንብ ማን ሊታዘዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይመርጣል። የጋና ወይም የኢትዮጵያ ጡረተኛ የልጅ ልጅ አሳዳጊ ነው፤ ወይም በልጆቹ ገቢ የሚኖር ነው፤ ጡረታው የአንድ ወር አስቤዛ አይሸፍንም። የአፍሪካ አዛውንት ባለትዳሮችም ይህን አገልግሎት ጀምረዋል፤ ሆኖም ቁጥሩን የሚወስነው የእምነት ጽናት ብቻ ቢሆን ኖሮ አክራ ወደ ዩታ ብዙ በላከች ነበር። እዚህ ላይ ዝቅ ብሎ መታዘዝ ራሱ የባለጠጋ መብት ይሆናል። መውጫው ከባድ አይደለም፤ ለቤት ኪራይ ጣሪያ ማበጀት የቻለች ቤተ ክርስቲያን ለአፍሪካ ባለትዳሮች የጉዞና የመኖሪያ ድጎማ ማበጀት አያቅታትም።

የሚስትየዋን ነገርም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በቀድሞዎቹ ሚስዮኖች ዘመን የሚስዮናዊ ሚስት ክሊኒክ እየከፈተች፣ ትምህርት ቤት እያስተማረች በመዝገብ ላይ «ሚስት» ብቻ ሆና ትቀር ነበር። ዛሬ በዚህ አገልግሎት ሁለቱም በየስማቸው ይጠራሉ፣ ሁለቱም ሰሌዳ ያደርጋሉ፤ ይህ መሻሻል ነው። ቢሆንም ክህነቱና የአጥቢያው መሪነት የወንድ ነው፤ ወጣቶቹ ለስብሰባ ሲጠሩም የአርባ ሰው ምሳ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያዳግትም። ስለ አዛውንቶች መታዘዝ ሳወራ ከሁለቱ አንዷ ከጋብቻዋ ዕለት ጀምሮ ታዛዥ እንደነበረች መዘንጋት አይኖርብኝም፤ ለእሷ ዝቅ ማለት አዲስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ለባልየው ግን አዲስ ነው፤ ከአርባ ዓመት የሥራ ዘመን በኋላ መጀመሪያ የሚማረውም ከሚስቱ ይመስለኛል።

የእነዚህን ባለትዳሮች ሥራ ለመመዘን እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ዊልቸር ታደለ የሚል አይደለም። አንድ ባልና ሚስት ጊዜያቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በቦታቸው ሌላ ባልና ሚስት ይተካሉ፤ እነሱም ሲሄዱ ሌሎች። በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ አምስተኛው የውጭ ጥንድ ከተቀመጠ፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ለማንም አላስተማሩም ማለት ነው፤ ወይም የተማረውን ጋናዊ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ያልፈለገ ኃላፊ አለ ማለት ነው። የመተካካቱ መዝገብ ደግሞ በየሚስዮኑ ቢሮ ይገኛል፤ ማንም ኃላፊ መደርደሪያውን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።