ጎሬን ስለ ገንዘብ ለማሠልጠን

«ዋናው ችግር የግንዛቤ ነው» አሉን። መቱ ላይ ለእኛ ለጎሬዎች በተዘጋጀ የዲጂታል ክፍያ ሥልጠና ላይ ነው። የተናጋሪውን ስም አልጠራም፣ የላካቸውንም መሥሪያ ቤት አልጠራም፣ አበላቸውን በአፕ ይሁን በጥሬ ብር ፈርመው መቀበላቸውንም አልጠይቅም። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ እንዲህ አልናደድም ነበር። ነገሩ ግን ከባንክ መስኮት እስከ ነዳጅ ማደያ፣ ከቀበሌ እስከ ቴሌቪዥን ውይይት ተዛምቷል። አፑ እምቢ ካለ ኅብረተሰቡ አልነቃም። ብር ተቆርጦ ካልደረሰ ተጠቃሚው በአግባቡ አልተጠቀመበትም። ኔትወርክ ለጠፋ ጊዜም አንድ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሳይታሰብ አይቀርም።

ሌላ ከተማ ቢሆን ይሁን። ጎሬን ስለ ገንዘብ ዝውውር ላስተምር ብሎ የሚመጣ ሰው ግን መንገድ ላይ ትንሽ ታሪክ ቢያነብ ምናለ? ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ አድርጎ፣ ከጋምቤላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። በ1898 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ባንክ፣ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ናት፤ ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከደሴ ጋር። ዛሬ በየመታጠፊያው የባንክ ሕንፃ የተገተረባቸው ከተሞች ባንክ የሚባል ነገር ሳይሰሙ፣ የጎሬ ነጋዴ ከግሪኩና ከሶርያዊው ጋር ይተሳሰብ ነበር። የማርያ ቴሬዛን ብር አገላብጦ፣ በጌጧ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ቆጥሮ፣ ደህናውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱም እኮ የተረፈው መንግሥት ለጥቂት ወራት የተቀመጠው እዚሁ ጎሬ ነው። እንግዲህ የዚያ ነጋዴ የልጅ ልጅ ነው ዛሬ አዳራሽ ተሰብስቦ «ፒን ማለት የሚስጥር ቁጥር ነው» የሚል ስላይድ የሚያሳዩት።

ያ የባሮ መርከብም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም ነበር። ወንዙ የሚሞላው በክረምት ነው፤ በበጋ ውሃው ይጎድላል፣ መርከብ አይወጣበትም። ይህን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ነጋዴው ቡናውን የሚያከማቸው፣ በቅሎ የሚከራየው፣ ብድር የሚገባው ይህንኑ አስልቶ ነው። የዛሬው አፕ ከመርከቡ እንደሚፈጥን ማን ይክዳል? መቼ እንደሚቆም ግን የሚነግረን የለም። ሲቆም ምን እናድርግ ለሚለውም የተጻፈ መልስ የለም።

ጥያቄዬ ይቺው ናት፣ ሌላ የለኝም። ግንዛቤ ያለው ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ያደርጋል? መቱ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ልጅ እንኳ ሱቅ በራፍ ላይ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ነው የሚቆመው። እሱም ይሠልጥን?

ጥቅምት ላይ ኑና እዩ። ገበሬው የለቀመውን እሸት ቡና ተሸክሞ ሲደርስ ይመሻል። ሰብሳቢው ይመዝናል፣ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ «ልላክልህ» ይለዋል። ስልኩ ላይ ክቧ ትዞራለች። ከሰብሳቢው ሒሳብ ብር መውጣቱን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል፤ ገበሬው ዘንድ የደረሰ ግን የለም። አሁን ቡናው የማን ነው? አንዱ ከፍያለሁ ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ ሌላው አልደረሰኝም ብሎ ስልኩን ያሳያል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሐሰተኛ ስክሪንሾት የተበላ ነጋዴ በየከተማው ስላለ ገበሬው «ይደርሳል» በሚል ቃል ብቻ ጆንያውን አያስረክብም፣ ማስረከብም የለበትም። የጥሪ ማዕከሉ ዘለግ ያለ ሙዚቃ ካስደመጠ በኋላ ታግሠው ይጠብቁ ይላል። እሸት ቡና ግን ትዕግሥት አያውቅም፤ በጆንያ ታጭቆ ካደረ ይግላል፣ ጥራቱ ይወርዳል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የጎደላቸውን ግንዛቤ ንገሩኝ። አፑን አውርደዋል፣ ፒናቸውን ለማንም አልሰጡም፣ ቁጥሩን ሁለቴ አረጋግጠዋል። ሥልጠናው የጠየቃቸውን ሁሉ አድርገዋል።

ማደያው ደግሞ ይብሳል። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ተባለ፤ ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ወጣ። ወረፋ ይቀንሳል፣ ቁጥጥር ይጠብቃል ተባለ። ሲስተም በጠፋበት ቀን ታዲያ ማደያው ነዳጅ አለው፣ የባጃጁ ሹፌር ኪሱ ውስጥ ብር አለው፣ ሁለቱ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመዋል፣ ሽያጭ ግን የለም። ገዢም ሻጭም ዕቃም ገንዘብም ተገኝቶ ገበያ የማይቆምበትን ቀን የፈጠረ ሰው ነው እንግዲህ እኛን አልነቃችሁም የሚለን። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚቸረችረው ልጅ ግን ጥሬ ብር ይቀበላል፣ ሲስተም የለም ብሎም አያውቅም። ቁጥጥሩ በማን ላይ እንደጠበቀ አስቡት።

የማዘመኑ ነገርም አለ። ሰው ሒሳብ ሊከፍል አፑን ሲከፍት «አዲሱን ካላወረዱ አልሠራም» ይለዋል። በዚያ ኔትወርክ፣ በዚያ ጥቅል፣ ከኋላው ሰው ተሰልፎ! ስልኩ ትንሽ ካረጀ ደግሞ ጨርሶ አይቀበለውም። ስህተት ሲፈጠር የሚወጣው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ጠርቶ ያስነብባል፣ ልጁም አንብቦ ትከሻውን ይሰብቃል።

ደግሞስ ስለ ግንዛቤ ማን ለማን ነው የሚያወራው? መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም የሌላቸውን ገንዘብ ለሰዎች ሲያድል አደረ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተካሄደ፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከራሱ ሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ተናገረ። ጉድለቱን ቀድመው ያወቁት ሠልጣኝ የተባሉት ናቸው፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ያልተገባ ገንዘብ መውሰዳቸውን አልደግፍም፤ አልመለሱም የተባሉት ስማቸው በዝርዝር ወጥቷል። ተጠቃሚ ሲያጠፋ ዝርዝር ይለጠፋል ማለት ነው። የገበሬው ብር ሁለት ቀን አየር ላይ ሲንሳፈፍ ግን የማን ስም ተለጥፎ ያውቃል?

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲጀመር ከሠራው ነገር ሁሉ ለእኛ አገር የጠቀመው *127# ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በቁልፍ ስልክ ይሠራል። የንግድ ባንኩም *889# እንደዚያው። በሥልጠናው ላይ ግን ይቺ እንደ ድሃ ዘመድ በስተመጨረሻ ለአፍታ ተነስታ አለፈች፤ ቀኑ ሙሉ ያለቀው ባለ ብዙ ሥዕሉን ሱፐር አፕ በማድነቅ ነው። ያችም ብትሆን ማማው መብራት ሲያጣ አብራ ትሞታለች፣ እሱን አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ለማዘመን ብላ ደንበኛ ፊት አታዋርድም።

ጥሬ ብር ይንገሥ አላልኩም። ቀላል ነገር ነው የምለው፤ ሲስተም በጠፋ ሰዓት ማደያውም መሥሪያ ቤቱም በደረሰኝ ጥሬ ብር የሚቀበልበት ደንብ ይውጣ፣ የተንሳፈፈ ብር በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይታወቅ፣ ካለፈም ባለአፑ ይቀጣ። ዝርዝሩን ደመወዝ የሚከፈላቸው ይጨነቁበት።

ቀጣዩ ሥልጠና ግን መቱ አዳራሽ ውስጥ አይሁን፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጎሬ ይምጡ። በገበያ ቀን፣ በቡና ወራት፣ ከመሸ በኋላ፣ ሚዛኑ አጠገብ። አሠልጣኙ ከራሳቸው ሒሳብ ለአንድ ገበሬ የአንድ ጆንያ ዋጋ ይላኩ። ስላይድ አያስፈልግም፤ ብሩ እስኪደርስ ከእኛ ጋር ቆመው ይጠብቁ፣ ማደርም ካለ ያድሩ።