ጎሉ ስንት ጊዜ ይገባል?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ተረተር ላይ የተሠሩት ቤቶች ከተማውን ቁልቁል የሚያዩ ስለሆኑ የከተማውም ድምፅ ሽቅብ ይደርሳቸዋል። ትልቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ ባለበት ማታ ከዚያ ሆኖ ጆሮውን የሰጠ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይሰማል። ጎል ሲገባ ጩኸቱ በመጀመሪያ ከአንድ ወገን ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶ ከሌላው መንደር ይከተላል፤ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ደግሞ ከአንድ ግቢ ሦስት አራት ጎረምሶች ለብቻቸው ይጮኻሉ። ኳሲቱ መረቡን የነካችው አንድ ጊዜ ነው። በየካ ግን ሦስት ጊዜ ትገባለች።

ነገሩ ምትሐት አይደለም። አስቀድመው የጮኹት በዲሽ የሚያዩት ናቸው፤ ዘግይተው የጮኹት በኢንተርኔት፣ ይኸውም ዘመኑ «ስትሪሚንግ» በሚለው መንገድ፣ በእጅ ስልካቸው የሚከታተሉት ናቸው። ስፖርትን ወደየቤታችን የሚያመጡት እነዚህ ሁለት መንገዶች በመልክም በድምፅም እጅግ የተለያዩ ሆነው ሳለ፣ ብዙዎቻችን ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ በዛሬው እሑድ ስለዚሁ ጥቂት ለማለት አስበናል።

በዲሽ የሚመጣው ሥዕል ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደተቀመጠች ሳተላይት ወጥቶ ይወርዳል። መንገዱን ሲሰሙት ያስደነግጣል እንጂ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ የሰከንድ ሩብ ያህል ነው፤ ሥዕሉን ለማመቅና ለመፍታት የሚያልፈው ጊዜ ሲታከልበት ጥቂት ሰከንዶች ይሆናል። (በእንጦጦ አናት ላይ ያለውን የሕዋ ምርምር ጣቢያ እያሳዩ «ኳሱ የሚመጣው ከዚህ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውና ከዚያ ጣቢያ ክትትል ይደረግላት የነበረችው ሳተላይት መሬትንና ሰብልን የምትመለከት ነበረች፤ ከኳስ ጋር ዝምድና አልነበራትም።) የኢንተርኔቱ ሥርጭት ግን ግጥሚያውን እንደ ሸንኮራ አገዳ በየጥቂት ሰከንዱ እየቆራረጠ ይልካል። ስልኩም በመንገድ እክል ቢደርስ ስንቅ እንዳያልቅበት ሁለት ሦስት ቁራጭ በጉያው ካላስቀመጠ ማሳየት አይጀምርም። እንዲህ ሲል ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ ነበር። 25 ዙር ተሩጦ የተገኘው ልዩነት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ አይሞላም። በዚያ ሩጫ ፍጥነት ግማሽ ደቂቃ ማለት 180 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሯጮች ደረት ለደረት ተናንቀው የጨረሱትን ውድድር፣ አንዱ በዲሽ ሌላው በስልክ የሚያዩ ሁለት ጎረቤታሞች 180 ሜትር ተራርቀው ያዩታል ማለት ነው። ያን ቀን ግን አገሩ ሁሉ ያየው በአንድ ማሠራጫ ነበርና ትንፋሹን የያዘውም የለቀቀውም በአንድነት ነበር።

ስለ መልኩ የሆነ እንደሆነ፣ በሐቅ እንነጋገር ካልን አዲሱን መንገድ ማማት አይገባም። የጥንቱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሥልባቸው መስመሮች 576 ነበሩ፤ ኢንተርኔቱ መንገዱ ከቀናለት 1,080 መስመር ያሳያል። የተጫዋቹ ላብ፣ የማሊያው ስፌት ሳይቀር ይታያል። ችግሩ «መንገዱ ከቀናለት» የሚለው ቃል ነው። ማታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት፣ በኮተቤም ሆነ በላምበረት መስመሩ ይጠባል። በዚህን ጊዜ ሥዕሉ ጨርሶ እንዳይቆም መልኩን ይቀንሳል፤ ለምለሙ ሣር እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሆናል፤ ኳሲቱም ከጎመኑ ውስጥ ትጠፋለች። ይባስ ብሎም እንደ እንዝርት የምትሽከረከር ክብ ምልክት በመካከሉ ብቅ ትላለች። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህች ምልክት የምትመጣው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ይጐርፋል።

እንቅስቃሴውም ቢሆን አንድ አይደለም። የቴሌቪዥን ሥርጭት በሰከንድ 50 ጊዜ ሲያድስ፣ ብዙው የኢንተርኔት ሥርጭት በ25 ወይም በ30 ሥዕል ይብቃቃል። ቀስ ብሎ ለሚነገር ዜና ይህ አይታወቅም። በፍጥነት ለተመታች ኳስ ግን ይታወቃል፤ ከቦታ ቦታ ስትዘል እንጂ ስትበር አትታይም።

የበለጠ የሚያሳስበን ግን ድምፁ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ስፖርትን የለመድነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሮአችን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብፅን፣ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲያነሣ አገሩ ቴሌቪዥን አልነበረውም። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍም ቴሌቪዥናችን ገና አልተከፈተም፤ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ከድሉ በኋላ ነው። የቶኪዮን ሥዕል አሜሪካኖች በሳተላይት ሲያዩ እኛ ወሬውን ሰማን። በዚያን ዘመን ሰሎሞን ተሰማን የመሰሉ የሬዲዮ ሰዎች ሜዳውን በቃል እየሣሉ አሳይተውናል። ከእነርሱም በኋላ ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ቡድናችን ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፎ የሴካፋን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ ያሰማው ድምፅ፣ ሥዕሉን የረሱ ሰዎች ጆሮ ውስጥ ዛሬም አለ።

በእጅ ስልክ ጠባብ ድምፅ ማጉያ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ይኸውም ከበሮውና የሕዝቡ ግምግምታ፣ በመንገድ ይቀራል፤ የሚተርፈው የፊሽካው ሲርታና ባዕድ ቋንቋ የሚናገር ሰው ፉጨት መሰል ንግግር ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሽሽት የስልኩን ድምፅ ዘግተው በኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚተላለፈውን አማርኛ ይከፍታሉ። ሬዲዮው ግን ከሥዕሉ ይቀድማልና ነቢይ ይሆንባቸዋል፦ ጎሉ ተነግሮ ካበቃ በኋላ አጥቂው ገና ወደ ሳጥኑ ሲገባ ያዩታል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት በአማርኛ መተላለፍ ሲጀምር በየዲኤስቲቪ ቤቱ የታየው ደስታ ከሥዕሉ ጥራት ብቻ የመጣ አልነበረም። ሥዕሉና የገዛ ቋንቋችን በአንድ ጊዜ ስለደረሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የድሮውን ሁሉ ልናወድስ አይደለም። ቴሌቪዥን በሩጫችን ላይ የፈጸመው በደል አለ። በእንጦጦ ጫካ በማለዳ የሚሮጡትን ወጣቶች የሚጠይቅ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳል። የ10,000 ሜትር ውድድር በ12ኛው ዙር ላይ ሲደርስ ሥዕሉ ወደ ጦር ውርወራ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ማስታወቂያ፤ ሲመለስ ሁለት ኢትዮጵያውያንና አንድ ኬንያዊ ብቻ ከፊት ሆነው ይገኛሉ። ሌሎቹን ማን ጣላቸው? በየትኛው ዙር? የማይታወቅ ሆኖ ይቀራል። ለሯጭ ደግሞ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የዳይመንድ ሊግ ሹማምንት የቴሌቪዥን ሰዓት 90 ደቂቃ ብቻ ነው በማለት ከ3,000 ሜትር የሚረዝም ሩጫ ከዋናው መርሐ ግብር እንዲወጣ ወስነው እንደነበር እናስታውሳለን። ከኢትዮጵያም ከኬንያም ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኋላም 5,000 ሜትሩ ተመለሰ። የሰው እግር በሣጥን ሰዓት እንዲለካ መፈለግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ኢንተርኔት ይህ የሰዓት ጥበት የለበትም። አንዱን ሩጫ ከተኩሱ እስከ ክሩ ድረስ ሳያቋርጥ ለብቻው ማሳየት ይችላል፤ ጦር ውርወራ የወደደም በሌላ በር ይገባል። ስለዚህ እኛ እንደሚመስለን ለረጅም ሩጫ አዲሱ መንገድ ይሻላል፤ ሩጫው ሳይቆራረጥ ከደረሰን ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይም አንከፋም። ሰፈር በአንድነት ለሚያየው የእግር ኳስ ግጥሚያ ግን አሮጌው መንገድ አልተተካም።

አንድ ሌላ ነገር ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ማሠራጫ ለአንድ ሰው ቢያሳይም ለሚሊዮን ቢያሳይም ድካሙ ያው ነው፤ በሾላ አንድ ቴሌቪዥን ፊት 40 ሰው ቢቀመጥ ወጪው አይጨምርም። ኢንተርኔቱ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው እየቀዳ ያጠጣል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ፓኬጅ ይገዛል። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ እናት ልጅ የብሔራዊ ቡድኑን ግጥሚያ ለማየት ፓኬጅ መግዛት ግዴታ ሊሆንበት አይገባም። የብሔራዊ ቡድን ጨዋታና የሯጮቻችን የፍጻሜ ውድድር ምንጊዜም በነጻ፣ በአየር ሞገድና በዲሽ ሊታይ ይገባዋል እንላለን። ይህ ሳይጓደል በኢንተርኔት ሙሉውን ሩጫ መጨመር ደግ ነው፤ ቀድሞውን በኋለኛው መለወጥ ግን ልክ አይሆንም።

ለአስተላላፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ሥዕሉ በሚታይበት ጊዜ እንደ ሬዲዮ ዘመን ሁሉን መናገር አያስፈልግም። በመጨረሻው ዙር ደወሉ ሲደወል ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢሉ የሯጮቹን ትንፋሽና የጫማቸውን ኮቴ እንሰማለን፤ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ቢነግሩን ደግሞ በእንጦጦ ያሉት ልጆች ደብተር ይዘው ይጠብቃሉ። በቤይጂንግ የሚደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሚጀመረው በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን መጨረሻ ሲሆን የዘመን መለወጫችንን አልፎ ይሄዳል። የ10,000 ሜትሩን 25 ዙር ሙሉ፣ በአማርኛ፣ ሳይቆረጥ ለማሳየት ውሉም ባለሙያውም ከወዲሁ ሊዘጋጅ ይገባል።