ሁለቷ ደቂቃ ሃያ ስትሆን

ከቃሊቲ ተነስታችሁ አያት ልትሄዱ ነው እንበል። ስታዲየም ላይ ወርዳችሁ ባቡር መቀየር ግድ ነው። የቃሊቲው ሁለት ደቂቃ ዘገየና የአያቱ አመለጣችሁ። ቀጣዩ በ6 ደቂቃ የሚመጣ ከሆነ ችግር የለም፣ ስልካችሁን እየነካካችሁ ትጠብቃላችሁ። በ20 ደቂቃ ከሆነ ግን ያቺ ሁለት ደቂቃ ሃያ ሆነች ማለት ነው።

ለዚህ ነው የባቡር ሰዓት ሲቀየር «ትንሽ ነው የገፋነው» የሚለው ነገር የማይዋጥልኝ። መንገድ ላይ ባቡር ለሚቀይር ሰው ጥያቄው ሁለተኛውን ያገኘዋል ወይስ ያመልጠዋል ነው።

ስዊዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የአገሪቱን የባቡር ሰዓት እንዳለ ሲቀይሩ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የዙሪክና የበርንን ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች ያወረዱት፣ ባቡሮቹ ሰዓት ሊሞላ ሲል ትልልቆቹ ጣቢያዎች ላይ እንዲገናኙ ብለው ነው። ሰው ይቀይራል፣ ከዚያ ሁሉም ይነሳል።

እኛ ጋ መለዋወጫ ጠፍቶ ባቡሮች ቆመው ስለ ስዊዘርላንድ ታወራለህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ባቡር ሲያንስ ነው መገናኘቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው እላለሁ። ሁለቱ መስመሮች እኮ ከስታዲየም እስከ ልደታ የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ላይ ነው!

የአያቱ ባቡር አንድ ደቂቃ ይጠብቅ ብንል፣ ውስጡ 100 ሰው ካለ 100 ደቂቃ ባከነ። ሊያመልጣቸው የነበሩት 10 ሰዎች ከሆኑ ግን 200 ደቂቃ ዳነ። ቀጣዩ በ6 ደቂቃ የሚመጣ ከሆነ የሚድነው 60 ብቻ ነው፣ ያኔ ይሂድ። የማታው የመጨረሻ ባቡር ከሆነማ ኪሳራው በደቂቃ አይቆጠርም፣ በራይድ ሂሳብ ነው።