አድማጩ የቆመው የት ነው? ቻክራ፣ መሠረታዊ ፍላጎቶችና የማሳመን ጥናት

የማሳመን ጥናት ከአርስቶትል ጀምሮ ስለ ተናጋሪው፣ ስለ አድማጩ ስሜትና ስለ ማስረጃው ሲመረምር ኖሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ አንድ መልእክት ከአድማጩ ፍላጎቶች መካከል የትኛውን ይነካል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተራራቁ ንድፎችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ አንዱ የአብርሃም ማስሎ የፍላጎቶች እርከን ሲሆን ሌላው በሕንድ የታንትራ ትውፊት የሚታወቀው የቻክራ ሥርዓት ነው። ማሳያ የማደርገውም በሀገራችን መደበኛ ያልሆነ ስደትን ለመከላከል የሚነገረውን መልእክት ነው።

ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎቶች በአምስት መድቧቸዋል፤ የአካል ፍላጎት፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን ማግኘት፣ ክብር፣ በመጨረሻም የራስን አቅም እውን ማድረግ ናቸው። ቻክራ ደግሞ በሳንስክሪት መንኮራኩር ማለት ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ንድፍ ከአከርካሪ ሥር እስከ ራስ አናት ሰባት ማዕከላትን ይደረድራል፤ መሠረቱም ፑርናናንዳ በ1577 የጻፈውና ጆን ውድሮፍ በ1919 በእንግሊዝኛ ያቀረበው ድርሳን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድርሳኑ ውስጥ ማዕከላቱ የተመስጦ ስፍራዎች ናቸው፤ ፊደላት፣ አማልክትና የተፈጥሮ ባሕርያት ተሰጥተዋቸዋል፤ ዓላማቸውም ነፍስን ነጻ ማውጣት እንጂ የሰውን ጠባይ መተንተን አይደለም። የሥሩን ማዕከል ከደኅንነት፣ የእምብርቱን ከሥልጣንና ከክብር፣ የልቡን ከፍቅር፣ የጉሮሮውን ሐሳብን ከመግለጽ ጋር የሚያዛምደው ንባብ በአብዛኛው በሃያኛው ክፍለ ዘመን በምዕራቡ ዓለም የዳበረ ነው፤ ካርል ዩንግ በ1932 በዙሪክ የሰጣቸው ትምህርቶች በዚህ ጉዞ ውስጥ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ «ጥንታዊው ጥበብ የማስሎን ግኝት ቀድሞ አረጋግጧል» የሚለው አባባል አያስኬድም። ሁለቱ ንድፎች የሚመሳሰሉት በከፊል የአንድ ዘመን አንባቢዎች አንዱን በሌላው መነጽር ስላዩት ነው።

ታዲያ ቻክራን ማንሣት ለምን አስፈለገ? ምክንያቴ የምስሉ ቅርጽ ነው። ማስሎ በተማሪዎች አእምሮ የሚቀረው በፒራሚድ ነው፤ ፒራሚዱ ግን በ1943ቱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እንዲያውም ማስሎ ራሱ ቅደም ተከተሉ የማይናወጥ እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ሰውም ሁሉም ፍላጎቶቹ በአንድ ጊዜ በከፊል ተሟልተው በከፊል እንደሚጎድሉ ጽፏል። ፒራሚዱ ይህን አስረሳና የራበው ሰው ስለ ክብር አይጨነቅም የሚል ስሜት አሳደረብን። የቻክራ ንድፍም መውጫና መውረጃ አለው፤ ነገር ግን የተሣለው በሰው አካል ላይ ነው። ልብ ሥራውን ለመጀመር የእግርን መጥገብ አይጠብቅም። (ስለ ግንባሩና ስለ አናቱ ማዕከል ለማሳመን ጥናት የሚበጅ ነገር አላገኘሁም፤ አልፌዋለሁ።)

ወደ ማሳያው ልመለስ። ስለ ስደት የሚተላለፈው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የሰመጠ ጀልባ፣ በበረሃ የቀረ አስከሬን፣ የተደበደበ ገላ ነው። ሁሉም የሚናገሩት ለአንድ ፍላጎት ነው፤ ለደኅንነት፣ በቻክራው አነጋገር ለሥሩ። አደጋው እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ዳሩ ግን ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ መከራቸው በየቤቱ ተሰምቷል። የመን በጦርነት እየነደደች ባለችበት በ2019 እንኳ ከ130 ሺህ በላይ ስደተኞች ወደዚያች ሀገር ገብተዋል፤ አብዛኞቹ የእኛው ወገኖች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አደጋውን አልሰሙም ብሎ መደምደም ለእኔ ከባድ ነው።

ባደግሁበት የወሎ ገጠር አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ለመሄድ በተነሣችበት ሰሞን እናቴ «እንዴት አትፈሪም ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። «እፈራለሁ እንጂ እትዬ፤ ግን እናቴ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር እስከ መቼ ልይ? ሰው ሆኜ ልመለስ» አለቻት። በዚህ መልስ ውስጥ ፍርሃቱ አለ፤ ውሳኔው ግን የተሰጠው በልብና በእምብርት ነው፤ ለእናት ባለ ፍቅርና «ሰው በመሆን»። የማስጠንቀቂያው መልእክት እርሷ በቆመችበት ቦታ አላገኛትም።

ደላላው ግን ያገኛታል። ደላላ ስለ ባሕሩ አይከራከርም፤ «የእገሌ ልጅ ለእናቷ ባለቆርቆሮ ቤት ሠራችላት» ብሎ ዝም ይላል። ከማሳመን ጥበብ አንጻር ከብዙ ፖስተሮቻችን ይልቃል፤ ይህን መቀበል ደስ አያሰኝም። ከዚህ የሚከተለው አደጋም ግልጽ ነው፤ የሰውን ስስ ቦታ የሚያሳይ ንድፍ በእጃችን ካስገባን እኛም ደላላ ልንሆን እንችላለን። «እናትሽን ለቅሶ ላይ ልታስቀምጫት ነው?» የሚል መልእክት ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ልጅቷን በፍቅሯ ማሠር ነው።

ለዚህ የጉሮሮው ማዕከል ይረዳኛል። በማስሎ አምስት መደቦች ውስጥ መናገርና መደመጥ ራሱን የቻለ ስፍራ የለውም፤ በቻክራው የዛሬ ንባብ ግን አለው። አንድ መልእክት ማሳመን ነው ወይስ ማታለል የሚለውን የምለየው አድማጩ መልሶ ሊጠይቀው በመቻሉ ነው። ደላላው ይህን ይሸሻል፤ መዳረሻውን፣ ደመወዙን፣ አሠሪዋን ብትጠይቀው ወሬ ይቀይራል። እኛስ? የተመለሱ ሴቶች በቡና ላይ ተቀምጠው የሚጠየቁበት፣ እናቶችም «የምትልኪልኝን ገንዘብ አልፈልግም» ወይም «እፈልጋለሁ» የሚሉበት ውይይት ከአሥር ፖስተር የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በእንዲህ ያለ ውይይት ግን ለጥያቄው መልስ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ወደ ውጭ ሀገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። «በሕጋዊው መንገድ ሂጂ» የሚላት ባለሙያ ቢመጣና እርሷም «በየትኛው?» ብትለው ኖሮ፣ በእጁ የያዘው በራሪ ወረቀት መልሱ አልነበረውም።