ድካም ሁሉ ስንፍና አይደለም



በግሼም ሆነ በሌላው ደጋ አገራችን አንዲት እናት «ሰውነቴ ዛለ» ስትል «ብርድ ነው» ወይም «ዐይን ነው» እንላለን። ልጃገረድ ከሆነችማ ስሙ ስንፍና ነው። ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ እንቅልፍ የማይፈታው፣ ጥቂት ከሠሩ በኋላ በማግስቱ አልጋ የሚያስይዝ ድካም ግን በሕክምና ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እውነተኛ የአካል በሽታ መሆኑን አስታውቋል።

ሆኖም ደም ተቀድቶ «ይኸው ተገኘ» የሚባልበት ምርመራ እስከ ዛሬ የለውም። ሐኪሙ የሚደርስበት የደም ማነስን፣ ስኳርን፣ ኩላሊትን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ ሳንባ ነቀርሳን እያጣራ ነው። ከነዚህ አብዛኞቹ ሕክምና አላቸውና ማጣራቱ ብቻውን ሰው ያድናል።

ወጪውን ማን ይሸፍን? በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች፣ በአማራ ክልል ደግሞ በፎገራ፣ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የላቦራቶሪ ምርመራንም ይጨምራል። ሥርዓት ግን አለው። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። ከራቤል ተነሥቶ ያለ ወረቀት ደብረ ብርሃን የሚወርድ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የሚከፋው፣ ወረቀቱን ይዞ ሄዶም «ኬሚካሉ አልቋል፣ ውጭ አሠራ» ሲባል ነው። መዋጮውን ከፍሎ ለመጣ ገበሬ ይህ ዳግመኛ ክፍያ ነው። አባላት በወረዳው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደጋግመው ሊያነሡት ይገባል እንላለን።

«መድን ሐራም አይደለምን?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ጉባኤ የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ይህኛው ለትርፍ ያልቆመ መዋጮ ስለሆነ በእኛ እይታ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ ልቡ ያልረጋለት የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን እንደማያፈርስ ግን ማንም አይከራከርም።

ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤተሰቡ መዋጮ በአብዛኛው የሚሸፍነው ባልና ሚስትን እንዲሁም 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ነው። ከዚያ በላይ ያለው ልጅ የሚካተተው ተጨማሪ ሲከፈልለት ነው። ቤት ውስጥ «ሰነፍ» የምትባለው የ19 ዓመት ልጅ ስሟ በደብተሩ ላይ መኖሩን በእድሳቱ ወቅት እዩ።